ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ለምን እናያለን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የኮሪያ የወንጀል ድራማ አብረን እናያለን። ባለቤቴ ገዳዩን ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክፍል ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ከዚያም «በቃ ታወቀ እኮ፣ ከዚህ በኋላ ምን እናያለን?» ብሎ ይነሣል። እኔ ግን ገዳዩን ባውቅም ማየቴን አላቆምም። በአንጻሩ ገዳዩ እስከ መጨረሻው ሳይታወቅ የቆየበትን ድራማ ስጨርስ አንዳንድ ጊዜ ተታለልኩ የሚል ስሜት ያድርብኛል። በደንብ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን በምን እንለየው?
አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ የእንቆቅልሹን ፍቺ ይፈልጋሉ፤ እርስዎ ደግሞ ሰዎቹን ይፈልጋሉ። ሁለቱም የተመልካች መብት ነው። ይሁን እንጂ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ በተለመደው አሠራሩ 16 ክፍሎች ያሉት፣ እያንዳንዱ ክፍልም አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ክፍል እየተላለፈ በስምንት ሳምንት የሚያልቅ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ሰዓት «ገዳዩ ማን ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ሊዘልቅ የሚችል ደራሲ አላውቅም። ጥያቄው ቢበዛ አራት ወይም አምስት ክፍል ያስኬዳል። ከዚያ ወዲያ ድራማው የሚቆመው በሰዎቹ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ባዶ ከሆኑ ባለቤትዎ እንዳሉት የሚታይ ነገር አይቀርም።

«ተታለልኩ» ያሉትን ስሜት ግን በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም። ልብ ሰቀላ ባለበት ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት መደበቅ አለ። አንዱ ገጸ ባሕርዩ የሚደብቀው ነው፤ የሚያፍርበት ነገር፣ የሚፈራው ሰው፣ ቢታወቅበት የሚያጣው ኑሮ ስላለው ይደብቃል። ሌላው ደራሲው የሚደብቀው ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ብቻውን በተቀመጠበት ሰዓት ሊያስበው የሚገባውን ሳያስብ፣ ሊደነግጥበት በሚገባው ሳይደነግጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይህም የሚሆነው ተመልካቹ ገና እንዲያውቅ ስላልተፈለገ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ምስጢር ሲገለጥ ያለፉትን ትዕይንቶች ሁሉ በአዲስ ዓይን እናያቸዋለን፤ ሰውየውም ከበፊቱ ይበልጥ ይገባናል። ሁለተኛው ሲገለጥ ግን እስከዚያ የምናውቀው ሰው ጭራሹን እንዳልነበረ እንረዳለን፤ ያዘንንለትና የሰጋንለት ሰው ደራሲው ከፊታችን የዘረጋው መጋረጃ ሆኖ ይገኛል። እርስዎን ያስቀየመዎት ይህ ይመስለኛል፤ መቀየምዎም ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የተላለፈውን «ፍላወር ኦቭ ኢቪል» ይመልከቱ። ባልየው በሌላ ሰው ስምና ማንነት የሚኖር የብረታ ብረት ሥራ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ወንጀል መርማሪ ፖሊስ ናት። ባልየው ማንነቱን እንደሚደብቅ ተመልካቹ የሚያውቀው ከጅምሩ ነው። የማያውቀው ሚስቱ እውነቱን የደረሰችበት ዕለት ምን እንደምታደርግ ነው። ስለዚህም እራት ሲቀርብ፣ ትንሿ ልጃቸው ስትስቅ፣ ሚስት እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጠይቃ ባል ፈገግ ብሎ ሲመልስላት ልባችን ይሰቀላል። ልብ ሰቀላው የመጣው ከማወቃችን ነው። ባለቤትዎ ይህን ድራማ ቢያዩ በመጀመሪያው ምሽት የሚገምቱት ነገር ያጣሉ፤ ምናልባትም እስከ መጨረሻው አብረዎት ይቀመጣሉ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በ2021 የተላለፈውን «ቢዮንድ ኢቪል» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ማንያንግ በምትባል፣ ደራሲዋ በፈጠረቻት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሊ ዶንግ ሺክ የሚባለው ፖሊስ ከ20 ዓመት በፊት መንትያ እኅቱ ጠፍታ የጣቶቿ ጫፎች ብቻ የተገኙ፣ በጊዜውም ራሱ በተጠርጣሪነት የተያዘ ሰው ነው። እርሱን ለመመርመር ቆርጦ የመጣው ወጣቱ ሃን ጁ ዎን ደግሞ የአንድ ከፍተኛ የፖሊስ ሹም ልጅ ነው። የከተማዋ ሰዎች ማታ ማታ በአንዲት ወጣት ሴት ሥጋ ቤት ተሰብስበው ሥጋ እየጠበሱ ይጠጣሉ፣ ይጫወታሉ። ከዚያው ማዕድ ከሚቀርቡት አንዱ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ድራማው ግማሽ ሳይደርስ እናውቃለን። ባለቤትዎ እዚህ ላይ ቢነሡ ዋናው ነገር ያመልጣቸዋል፤ ምክንያቱም «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ ባበቃበት ቦታ «ማን ዐወቀና ዝም አለ?» የሚለው ይጀምራል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት ወንጀል የተፈጸመበት አካባቢ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር፤ ይህ ድራማም የከተማውን ሰው ሁሉ እንዲያው አስቀምጦ ነው የሚያወጣጣው። አንዷ ልጇን ለማዳን፣ አንዱ ሹመቱን ላለማጣት ጥቂት ጥቂት እውነት ቀብረዋል፤ እያንዳንዱ የቀበረው ሲደመር አንዲትን ልጅ 20 ዓመት ሙሉ ከነመቃብሯ ሰውሯታል። በዚያው ዓመት በኮሪያ ትልቅ ስፍራ ያለው የቤክሳንግ ሽልማት ሲሰጥ ይህ ሥራ በምርጥ ድራማ፣ ደራሲዋ ኪም ሱ ጂን በምርጥ ድርሰት፣ ዶንግ ሺክን የተጫወተው ሺን ሃ ክዩን በምርጥ ተዋናይ ተሸልመዋል፤ ሦስቱም ይገባቸዋል እላለሁ።

በአንጻሩ በዚያው ዓመት የወጣውንና 20 ክፍሎች ያሉትን «ማውዝ» ብዙዎች ሲያደንቁት እሰማለሁ። መነሻው ገና በማሕፀን ያለ ጽንስ ጨካኝ ነፍሰ ገዳይ የሚያደርገውን ዘረ መል መያዝ አለመያዙ ቢታወቅ እናቲቱ ምን ታደርጋለች የሚል ከባድ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ክፋት በደም ውስጥ ከተቀመጠ ገጸ ባሕርዩ የሚመርጠው ነገር አይኖረውም፤ የማይመርጥን ሰው ደግሞ ልንፈርድበትም ልናዝንለትም እንቸገራለን። የሴራው መገለባበጥ አስደናቂ ነው፤ ሰዎቹ ግን ለመገለባበጡ ሲባል ተሠውተዋል።

በምን እንለየው ላሉት፣ አንድ መንገድ ልጠቁምዎ። ድራማውን ጨርሰው ምስጢሩን ካወቁ በኋላ ሁለተኛውን ክፍል እንደገና ይክፈቱት። ያ የሚደብቀው ሰው ብቻውን ሆኖ የሚታይባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ። እጁ፣ ዓይኑ፣ ዝምታው ምስጢሩን እንደሚያውቅ ሰው ከሆነ ደራሲው አላታለለዎትም። ከባለቤትዎ ጋር ሆነው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል፤ ለግምት ፍቅር ላላቸው ሰውም ይህ ሌላ ዓይነት ፍለጋ ነው።

ጥያቄ፦ «ስትሬንጀር» የተባለውን የኮሪያ ድራማ አይቼ ጨረስኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስሜት የሌለው ሰው ነው፤ አይስቅም፣ አያለቅስም። ስሜት የሌለው ሰው እንዴት እንዲህ ልብ ይገዛል? ደግሞስ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሳለ አስከሬን ከተገኘበት ቤት ምን ያደርጋል? ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለምን?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። በደቡብ ኮሪያ ዐቃቤ ሕግ ለረጅም ዘመን ምርመራን ራሱ የመጀመርና ፖሊስን የመምራት ሰፊ ሥልጣን ነበረው። ስለዚህ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁዋንግ ሺ ሞክ በዚያ ቤት መገኘቱ የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም። እንዲያውም ይህ ሥልጣን ለማን ይሁን የሚለው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ውዝግብ በ2020 የወጣው የሁለተኛው ምዕራፍ ዋና ጉዳይ ነው፤ ካላዩት ይቀጥሉ።

ወደ ስሜቱ ስንመጣ፣ ሺ ሞክ በልጅነቱ በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት ስሜቱ የተወሰደበት ሰው ነው። ይህ ዓይነቱ ፈጠራ በደካማ ደራሲ እጅ ቢገባ ብልህና ቀዝቃዛ መርማሪ ከማቆም አያልፍም ነበር። ደራሲዋ ሊ ሱ ዮን ግን በዚህ ሰው አማካኝነት ሌላ ነገር ሠርታለች። ሺ ሞክ የሚያፍርበት፣ የሚያስደስተው፣ የሚያሳዝነው ሰው ስለሌለው የሚደብቀው ነገር የለውም። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የሌሎቹ ሁሉ መደበቅ ጎልቶ ይታያል። አለቃው ሲያሞካሹት አይደሰትም፤ ስለዚህ ሙገሳው ጉቦ መሆኑን እኛ እናያለን። የሥራ ባልደረባው ሲቆጣው አይቆጣም፤ ስለዚህ ቁጣው ከፍርሃት የመጣ መሆኑን እኛ እናያለን። እርሱ የማይሰማውን እኛ በእርሱ ቦታ ሆነን እንድንሰማው ተደርገናል፤ ልብ የሚገዛውም በዚህ ነው።

ሃን ዮ ጂን ባትኖር ግን ይህ ሁሉ ይከብድ ነበር። ቤ ዱና የተጫወተቻት ይህች ፖሊስ ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን በንግግር አልተነገረንም። ልጃቸው የተገደለባቸውን፣ መጠጊያ ያጡትን እናት ወደ ገዛ ቤቷ ወስዳ አብራቸው ትኖራለች። በብዙ የወንጀል ድራማ ውስጥ የሟች እናት አልቅሳ ከወጣች በኋላ ዳግም አትታይም። እዚህ ግን ቤት ውስጥ ናት፣ ምግብ ትሠራለች፣ ትጠብቃለች። አንድ ደራሲ ለሰዎቹ ያለውን ክብር የምለካው በእንዲህ ያሉ፣ ለሴራው ምንም በማይጨምሩ ነገሮች ነው። ድርሰቱ የሊ ሱ ዮን የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥራ ሲሆን በ2018 የቤክሳንግን የድርሰት ሽልማት አስገኝቶላታል። ሌላም ልጨምር፤ በኮሪያ ብዙ ድራማዎች እየተላለፉ ሳለ ገና እየተጻፉና እየተቀረጹ መሄዳቸው የቆየ ልማድ ነበር፤ ከአሥረኛው ክፍል በኋላ የመላላታቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የ«ስትሬንጀር» የመጀመሪያ ምዕራፍ ግን በ2017 መተላለፍ ከመጀመሩ በፊት ተቀርጾ ያለቀ ነበር። ስለዚህም በመጀመሪያው ክፍል የተጣለች ትንሽ ንግር፣ ማለትም የኋላውን የምትጠቁም ፍንጭ፣ በመጨረሻው ክፍል መልሷን ታገኛለች።

ጥያቄ፦ እኔ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ነኝ። የኮሪያ ትሪለር ድራማ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የምትገደለው ሴት ናት። ስሟን እንኳ ሳናውቅ በላስቲክ ተጠቅልላ እናያታለን፣ ከዚያ ታሪኩ የመርማሪውና የገዳዩ ይሆናል። ይህ አያምም? ደራሲዎቹስ አያስቡበትም?
እናት፣ ከሳሙና በር

መልስ፦ ያማል እናቴ፤ ሊያምም ይገባል። ሟቿን የታሪኩ ማስጀመሪያ ብቻ አድርጎ የሚጠቀም ድርሰት ከጭካኔው በፊት ስንፍናው ይታየኛል፤ አንዲትን ሴት ሰው የሚያደርጋት ሁለት ትዕይንት መጻፍ አቅቶታልና። የሚያስቡበት ግን አሉ፤ ስለ አንዷ ልንገርዎ።

ኪም ኡን ሂ የጻፈችው «ሲግናል» የተላለፈው በ2016 ነው። የዛሬ ዘመን የወንጀል ተንታኝ አንድ አሮጌ የፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ ያገኛል፤ ሬዲዮውም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ በቀድሞ ዘመን ካለ መርማሪ ጋር ያገናኘዋል። ከጉዳዮቹ አንዱ በእውነት ከተፈጸመ ነገር የተነሣ ነው። በጊዮንጊ ክፍለ ሀገር ሁዋሶንግ በተባለ ቦታ ከ1986 እስከ 1991 ባለው ጊዜ 10 ሴቶች ተገድለው ገዳዩ ሳይያዝ ቀርቶ ነበር። በ2006 የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ሕጉ ክስ ለመመሥረት የፈቀደው ጊዜ፣ አለፈ። በ2015 የኮሪያ ምክር ቤት በነፍስ ግድያ ላይ ይርጋ እንዳይኖር ወሰነ፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ዘግይቶ ነበር። ድራማው ከተላለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በሌላ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት አንድ እስረኛ በዘረ መል ምርመራ ተለየ፤ ድርጊቱንም አመነ፤ ይርጋ ስላለፈ ግን በእነዚያ ግድያዎች ሊከሰስ አልቻለም። «ሲግናል» የተጻፈው እንግዲህ ገዳዩ ገና በማይታወቅበት፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች በሚጠብቁበት ሰዓት ነው።

በድራማው ውስጥ ከሟቾቹ አንዷ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ፣ ያ የቀድሞ ዘመን መርማሪ ሊ ጄ ሃን የሚወዳት ግን ደፍሮ ያልነገራት ወጣት ናት። ደራሲዋ ይህችን ወጣት ከመሞቷ በፊት እንድናውቃት ጊዜ ሰጥታናለች፤ ከሰው ጋር ስታወራ፣ ስታፍር፣ ሌላውን ስትረዳ አይተናታል። ከሞተች በኋላ አብረው ሊገቡበት ያዘጋጀችው የሲኒማ ትኬት ለጄ ሃን ይደርሰዋል። ሄዶ ለብቻው ይቀመጣል። ፊልሙ አስቂኝ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ይስቃል፤ እርሱ በሳቁ መካከል አፉን በእጁ ይዞ ያለቅሳል። በዚያ ትዕይንት አስከሬን የለም፣ ደም የለም፣ ገዳይም የለም። የጎደለችው ሴት ግን በአጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ትታየናለች። ተዋናዩ ቾ ጂን ዉንግ አንድም ቃል አይናገርም። እኔ ከኮሪያ ትሪለር ሁሉ ይህን ትዕይንት አስበልጣለሁ፤ ስለ ገዳዩ የሚነግረን ነገር የለም፣ ስለ ግድያ ግን ከየትኛውም ትዕይንት ይበልጥ ይነግረናልና።

ልጆችዎ አድገው እንዲህ ያለውን ድራማ ማየት ሲጀምሩ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ የሞተችው ልጅ ስም ማን ነበር? ድራማው ካለቀ በኋላ ስሟን ካስታወሱ ደራሲው ሥራውን ሠርቷል።

ጥያቄ፦ በማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ የአጭር ፊልም ድርሰት እሞክራለሁ። ሦስት ገጽ ልኬላችኋለሁ። ታሪኩ በጥምቀት ሰሞን በጎንደር ይፈጸማል፤ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ አንድ ነጋዴ ሞቶ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ የተላከ በጣም ብልህ መርማሪ በሁለት ቀን ገዳዩን ያገኘዋል። የኮሪያን ድራማ መምሰሉ ጉድለት ይሆንብኛል ወይ?
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ገጾቹን በጥሞና አንብቤያቸዋለሁ። ቦታው በደንብ ታይቶዎታል፤ ሌሊቱን ታቦታቱ ያደሩበት ሜዳ፣ የዝማሬው ድምፅ፣ ንጋት ላይ የሚጨናነቀው ሕዝብ ሁሉ አለ። ችግሩ መርማሪው ላይ ነው። ብልህ መሆኑን ስድስት ጊዜ ተነግሮናል፤ ገዳዩን ቢያገኝ ምን እንደሚያጣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረንም። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ በመሆኑም በዚህ ከተማ የሚያፍርበት፣ የሚያዝንለት፣ ዓይኑን ማየት የሚከብደው ሰው የለውም። ከኮሪያዎቹ ሊወሰድ የሚገባው ዝናቡ፣ ጨለማው ጎዳናና ብልሁ መርማሪ አይደለም። ሊወሰድ የሚገባው ሁሉም ሰው የሚደብቀው ነገር እንዲኖረውና የሚደብቅበት ምክንያት ሰው የሚያደርገው እንዲሆን የማድረግ ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ መርማሪዎን የጎንደር ሰው ያድርጉት። የሟቹ እድርተኛ ይሁን፤ ምርመራውን እያካሄደ ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ፣ ቀብር ይውጣ፣ ከሚጠረጥራቸው ሰዎች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጥ። በሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲያው በአጋጣሚ የጠቀሱት የእድር መዝገብ ደግሞ የድርሰትዎ ትልቁ ሀብት ነው። በእድር ከቀብር የቀረ ሰው ይመዘገባል፣ ይቀጣልም፤ ይህን የማያውቅ ተመልካች በከተማችን የለም። የእድሩ ጸሐፊ በዚያ ቀን ከቀብር የቀረውን የአንድ ወጣት ስም ሳይጽፈው ቢያልፍስ? ወጣቱ የእኅቱ ልጅ ቢሆን፣ ጸሐፊውም ልጁን ከገዳይነት ሳይሆን ከ50 ብር ቅጣት ያዳነው መስሎት ቢሆንስ? እንዲህ ሲሆን ምስጢሩ የገጸ ባሕርዩ እንጂ የእርስዎ አይሆንም። እርማቱን ሲልኩልን ጸሐፊው ያንን ስም ለምን እንደዘለለው ከመርማሪው አስቀድመው ለተመልካቹ ያሳዩት፤ ከዚያም ሁለቱን ሰዎች በሠልስቱ ዕለት አንድ ድንኳን ውስጥ ያስቀምጧቸውና መዝገቡን መርማሪው እንዲጠይቀው ያድርጉ።